የደረቅ ወንዝ ሒሳብ

ስለ አገራችን አፈር በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣ አንድ አኀዝ አለ። «ከኢትዮጵያ ደጋ በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር በጎርፍ ይታጠባል» ይባላል። በስብሰባ አዳራሽ ተነግሯል፤ በሬዲዮ ተሰምቷል፤ በሪፖርት መግቢያ ላይ ተደጋግሞ ተጽፏል። ከመለመዱ የተነሣ እንደ ራስ ዳሸን ከፍታ አንድ ጊዜ ተለክቶ ያለቀ ነገር መስሎናል። ለመሆኑ ይህን ሁሉ አፈር ማን መዘነው? በየትኛው ሚዛን? በየትኛው ወንዝ ዳር ቆሞ?

ጥያቄውን ያስነሣብኝ የከሚሴ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጣርማ በርን ቁልቁል ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ጀውሃንና አጣዬን አልፎ ወደ ከሚሴ የሚጓዝ ሰው በበጋ ወራት አንድ ነገር ያስተውላል። ድልድዮቹ ረጃጅም ናቸው፤ ከሥራቸው ግን ወንዝ የሚባል ነገር እምብዛም አይታይም። ያለው ነጭ አሸዋ፣ የተንከባለለ ድንጋይ፣ አልፎ አልፎም በመካከል ለመካከል የምትንሸራሸር ቀጭን ውኃ ነው። አገሩን የማያውቅ መንገደኛ «ይህን ሁሉ ብረትና ሲሚንቶ ለአሸዋ?» ብሎ ሊሥቅ ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ሣቁ ይቆማል። እታች ፀሐይ እየተንቃቃ፣ ላይ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ጭቃ መስሎ፣ ድንጋይ እያንገጫገጨ ከተፍ ይላል። ደራሽ የሚባለው ለዚህ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጎርፉ ያልቃል፤ በነጋታው እንደገና አሸዋ ብቻ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ወንዝ ለሒሳብ አይመችም። ዓመት ሙሉ ለሚፈስ ወንዝ መለኪያ ይተከልለታል፤ ከፍታው በየዕለቱ ይነበባል፤ ውኃው በጠርሙስ እየተቀዳ ደለሉ ይመዘናል። በዓመት ጥቂት ሌሊት ብቻ ለሚመጣ ወንዝ ግን ማን አድሮ ይጠብቃል? የተተከለውንስ ብረት የመጀመሪያው ጎርፍ ነቅሎት ቢሄድ? ስለዚህ በዚህ አካባቢ «ይህን ያህል አፈር ይሄዳል» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ተለክቶ ሳይሆን ተገምቶ ነው። ግምት ማለት ውሸት ማለት አይደለም። ግምት የራሱ የዘር ሐረግ አለው፤ የዚህኛው ሐረግ ደግሞ ከከሚሴ ብዙ ያልራቀ አንድ ተራራ ላይ ያደርሰናል።

ነገሩ የሚጀምረው ከረሃብ ነው። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎ ያለቀበት ረሃብ ካለፈ በኋላ፣ መንግሥትም ለጋሾችም «ዝናብ ቢቀርም መሬቱ ራሱ ምን ሆኖ ነው?» ማለት ጀመሩ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ስንዴና ዘይት እየሰጠ፣ ገበሬው እርከን እየካበ፣ ችግኝ እየተከለ የሚሠራበት «ምግብ ለሥራ» ተስፋፋ። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እርከን ተካበ። ይሁንና እርከኑ ምን ያህል አፈር እንዳዳነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሳይካብ በፊት ምን ያህል ይሄድ እንደነበረም እንዲሁ።

እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም አቋቋሙ። መሪው ሃንስ ሁርኒ የሚባሉ ስዊዘርላንዳዊ የመልክዓ ምድር ምሁር ነበሩ። የመጀመሪያውን ጣቢያ የተከሉት ከደሴ በስተደቡብ፣ ማይባር ላይ ነው። ማይባር ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ከአንዲት ትንሽ ሐይቅ አጠገብ ያለች ዳገታማ አገር ናት። የጥናቱ ተፋሰስ ስፋት 113 ሄክታር አይሞላም። ከዚያ በኋላ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በወላይታ ጉኑኖ፣ በኢሉባቦር ዲዚ፣ በኤርትራ አፍደዩ ተጨመሩ። በጠቅላላው ሰባት ናቸው።

አለካኩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ብዙ ነገር የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነውና። በተዳፋት ማሳ ላይ ስፋቱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 15 ሜትር የሆነ ቁራጭ መሬት ዙሪያውን በቆርቆሮ ይታጠራል። ከግርጌው በርሜል ይቀበራል። ዝናብ ሲጥል ከዚያች 30 ካሬ ሜትር መሬት የሚወርደው ውኃና አፈር ሌላ መሄጃ የለውም፤ በርሜሉ ውስጥ ይገባል። ጠባቂው ይቀዳል፣ ያጠልላል፣ ያደርቃል፣ ይመዝናል። ከተፋሰሱ መውጫ ደግሞ ወንዙ መልኩ ሲደፈርስ በጠርሙስ እየተቀዳ ይመዘገባል። ይህ በዝናብና በጨለማ የሚሠራ ሥራ ነው። ስሙ በየትኛውም መጽሐፍ ሽፋን ላይ የማይገኘው ጠባቂ በዚያ ሌሊት ባይነሣ ኖሮ ዛሬ የምንጠቅሰው ቁጥር ባልኖረ ነበር።

በእነዚህ ጥቂት ቁራጭ መሬቶች የተገኘውን ይዞ ስለ አንድ ትልቅ አገር ለመናገር ግን ድልድይ ያስፈልጋል። ድልድዩ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ሜዳዎች አፈር በነፋስ ተነሥቶ ከተሞችን ሲያለብስ ያ መንግሥት ደንግጦ የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ በየጣቢያውም ቁራጭ መሬቶችን አጠረ። ዋልተር ዊሽማየር የሚባሉ የስታቲስቲክስ ሰው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ከ10 ሺህ በላይ የሆነ የቁራጭ መሬት የዓመት መዝገብ ሰበሰቡና ከድዋይት ስሚዝ ጋር አንድ ቀመር አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1965 ታተመ፤ በ1978 ተሻሽሎ ወጣ። ቀመሩ ስድስት ነገሮችን ያባዛል። የዝናቡ ጉልበት፣ የአፈሩ ልስላሴ፣ የተዳፋቱ ርዝመት፣ የተዳፋቱ ቁልቁለት፣ መሬቱን የሸፈነው ሰብል ወይም ሣር፣ በመጨረሻም ገበሬው ለመከላከል የሠራው ሥራ። ውጤቱ በዓመት ከአንድ ሄክታር ስንት ቶን ይሄዳል የሚለው ነው።

ሁርኒ ይህን ቀመር ለኢትዮጵያ አለሳለሱት። እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ሥራ፣ ቀጥሎም ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች በተዘጋጀው መምሪያ ውስጥ፣ አንድ የገጠር ባለሙያ በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራው የሚችል ሰንጠረዥ አስቀመጡ። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይሄ ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው ሰው የአፈሩን ጠባይ በምን ይወቅ? በቀለሙ! ጥቁር ከሆነ 0.15፣ ቡናማ ከሆነ 0.20፣ ቀይ ከሆነ 0.25፣ ቢጫ ከሆነ 0.30። የዝናቡን ጉልበት በደቂቃ የሚለካ መሣሪያ ከሌለስ? የዓመቱን ዝናብ በሚሊ ሜትር ወስደህ በ0.562 አባዛ፤ ከዚያ 8.12 ቀንስ። ጤፍ 0.25፣ ማሽላና በቆሎ 0.10፣ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ 0.001። ሽቅብ ቁልቁል ለሚያርስ 1፣ አግድም ለሚያርስ 0.90።

እስቲ አብረን እናስላው። ዓመታዊ ዝናቡ 1,000 ሚሊ ሜትር የሆነ አገር እንውሰድ። የዝናቡ ጉልበት 554 ይሆናል። አፈሩ ቡናማ፣ የተዳፋቱ ርዝመት 20 ሜትር፣ ቁልቁለቱ ከመቶ 10 ቢሆን (ለሁለቱም ሰንጠረዡ የሚሰጠው 1 ነው)፣ ጤፍ ተዘርቶበት አግድም ቢታረስ ውጤቱ 25 ቶን ገደማ ነው። 250 ኩንታል አፈር መሆኑ ነው። ያው ማሳ ማሽላ ቢዘራበት 10 ቶን ይሆናል። ጤፍ መሬቱ ደቆ፣ ለስልሶ፣ ከብት ረግጦት ካልተዘራ አይሆንለትም፤ የክረምቱ ዶፍ ደግሞ የሚያገኘው ገና ቡቃያው መሬቱን ሳያለብስ ነው። ማሽላው አስቀድሞ ቆሞ ይጠብቀዋል። የከሚሴ ቆላ ገበሬ ማሽላ መውደዱ ለእንጀራውም ለአገዳውም ነው፤ ሒሳቡ ግን ለአፈሩም እንደበጀው ይናገራል።

አሁን አንዲት ነገር ብቻ እንለውጥ። ባለሙያው ያንን ቡናማ አፈር አይቶ «ቀይ ነው» ቢል 25 የነበረው 31 ቶን ይሆናል። በአንዲት ቃል ከየሄክታሩ 6 ቶን ተጨመረ! ተዳፋቱ ከመቶ 30 ቢሆን ደግሞ የጤፉ ማሳ ወደ 75 ቶን ይዘላል። በሺህ ሄክታር፣ በሚሊዮን ሄክታር ስናባዛው የት እንደሚያደርስ አንባቢ ይገምት።

ከዚህም የሚብስ አለ። ዊሽማየር የዝናብን ጉልበት ያሰሉት የእያንዳንዱን ዝናብ ኃይል በ30 ደቂቃ ውስጥ ከወረደው ከባዱ ጋር አባዝተው ነው። እኛ ዘንድ በብዙው ቦታ ያለው በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚነበብ መለኪያ ነው። መለኪያው ትናንት 40 ሚሊ ሜትር ዘነበ ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ዋለ ወይስ በግማሽ ሰዓት አወረደው የሚለውን አይነግርም። ለደጋው ካፊያ ልዩነቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ለቆላው ግን ሁሉ ነገር ነው። በከሚሴ ዙሪያ ባሉ ደረቅ ወንዞች የዓመቱ ደለል አብዛኛው በጥቂት ጎርፎች የሚወርድ ነው፤ ሁለት ዓመት እኩል ዝናብ ቢያገኙም የአንደኛው አፈር ከሌላኛው እጥፍ ሊሄድ ይችላል። ቀመሩ ሁለቱን ዓመታት አንድ ያደርጋቸዋል። ከሰባቱ ጣቢያዎች አንዱም በደረቅ ቆላ አለመተከሉን ደግሞ ልብ ይሏል። ማይባርን በከሚሴ ላይ ማኖር፣ የደገኛን ጋቢ ለቆለኛ እንደ ማልበስ ነው።

ቦረቦሩም አለ። ቀመሩ የሚቆጥረው ከማሳው ፊት ላይ ተልጦ የሚሄደውንና በቀጫጭን ቦይ የሚወርደውን አፈር ብቻ ነው። ከሥር እየተናደ በአንድ ክረምት በሬ የሚውጥ ገደል የሚሆነው ቦረቦር፣ ጎርፍ እየገመሰ የሚወስደው የወንዝ ዳር ማሳ፣ በቀመሩ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ከሚሴ ዙሪያ በእግሩ የዞረ ሰው ዓይኑን የሚይዘው ግን ይኸው ነው። ዊሽማየር ራሳቸው ይህን አልደበቁም። እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ቀመሩ አጠቃቀምና ያላግባብ አጠቃቀም ለብቻው ጽሑፍ አውጥተው፣ የረጅም ዘመን አማካይ እንጂ የአንድ ጎርፍ መለኪያ እንዳልሆነ፣ ከወንዝ የሚወጣ ደለልንም እንደማይናገር አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያው እንደ ቀመሩ ሩቅ አልተጓዘም።

ወደ ትልቁ ቁጥር ልመለስ። 1.9 ቢሊዮን ቶን የሚለው የመጣው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ካወጣው የኢትዮጵያ ደጋ መሬት መልሶ ማቋቋሚያ ጥናት ነው። ጥናቱ ከታረሰ መሬት በዓመት በሄክታር 130 ቶን ይሄዳል አለ። ሁርኒ ከጣቢያዎቻቸው ተነሥተው ያሰሉት 42 ቶን ነው፤ የአገሩ ጠቅላላ ደግሞ ወደ 1.5 ቢሊዮን ቶን። እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም ባንክ በኩል የወጣ ዳግም ግምገማ፣ ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ ሌላው ላይ የሚያርፈውን አፈር አስቦ፣ ወደ 20 ቶን አወረደው። አንድ አገር፣ አንድ አፈር፣ አሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ቁጥር! 130፣ 42፣ 20። ሦስቱም በተማሩ ሰዎች የተሠሩ ናቸው። በየአዳራሹ የሚጠቀሰው ግን ትልቁ ነው፤ ትልቅ ቁጥር ያስደነግጣል፣ ያስደነገጠ ደግሞ ገንዘብ ያመጣል። ይህን ስል ችግሩ የለም ማለቴ አይደለም። 20 ቶንም ቢሆን በዓመት ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ አፈር ነው። ተፈጥሮ መልሳ ለመሥራት ብዙ ዓመት የሚፈጅባት ነገር ነው።

የ1986ቱ ጥናት ራሱ አንድ ነገር ተናግሮ ነበር፤ ጥቅሱ ሲደጋገም ያ ተረሳ። ከተነሣው አፈር ወንዝ ይዞት ከደጋው የሚወጣው ከመቶ 10 ገደማ ነው፤ የቀረው እዚያው ደጋው ላይ ከአንዱ ስፍራ ተነሥቶ በሌላው ይተኛል ብሏል። «ታጠበ» እና «ጠፋ» አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ይህን ልዩነት ከከሚሴ የተሻለ የሚያስተምር ቦታ ያለ አይመስለኝም። ከተማዋ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በምዕራብ በኩል የወሎና የሸዋ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተነሥቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ጨፋ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይንጣለልና ረግረግ ይሆናል፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጨፌ በኦሮምኛ እርጥብ፣ ለምለም መስክ ነው፤ ጉባኤ የሚቀመጥበት መስክ ስለሆነም ዛሬ የኦሮሚያ ምክር ቤት በዚሁ ስም ይጠራል። በበጋ የኦሮሞው፣ የአፋሩና የአርጎባው ከብት ነፍሱን የሚያተርፈው እዚህ ጨፋ ላይ ነው። ያ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሣር የማይነጥፍበት አፈር ከየት መጣ? ከላይ ነዋ! በሺህ ዓመታት ከደጋው የታጠበ ነው። የአልብኮ ገበሬ ያጣውን የጨፋ አርብቶ አደር ይግጥበታል። ሒሳቡን ደጋ ላይ ቆመን ብንሠራው ኪሣራ፣ ጨፋ ላይ ቆመን ብንሠራው ትርፍ ነው። ትርፉም ቢሆን ገደብ አለው። ደራሹ ጥሩውን ጥቁር አፈር ብቻ አያመጣም፤ አሸዋና ጠጠርም ያመጣል። ማሳ ላይ አሸዋ የጣለ ጎርፍ ያንን ማሳ ለዓመታት ገደለው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የወረቀት ክርክር ቢሆን ኖሮ አልጻፍኩትም ነበር። በእነዚህ ቁጥሮች ግን የሰው ጉልበትና መሬት ተወስኗል። በደርግ ዘመን «መሬቱ እያለቀ ነው» በሚለው ሒሳብ ኮረብታዎች ለከብት ተከለከሉ፤ ገበሬው በማሳው ላይ የማይፈልገውን እርከን እንዲክብ ታዘዘ። እርከኑ ጠባብ ማሳ ይበላል፤ ለአይጥ መደበቂያ ይሆናል፤ በሬ ለማዞር ያስቸግራል። በተለይ አንድ ነገር ይገርመኛል። በዚሁ በሁርኒ ሰንጠረዥ መሠረት ድንጋይ ከመቶ 80 የሸፈነው ማሳ አፈሩ የሚሄደው በግማሽ ነው። እርከን ለመካብ ድንጋዩን ከማሳው ላይ ስንለቅም አንዱን ጋሻ ገፈን ሌላ ጋሻ መሥራታችን ነው። ገበሬው «ድንጋዩን ተዉልኝ» ሲል የሰማው ጥቂት ነው። በ1982 ዓ.ም. የካቲት ወር መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅና የአዛዡ እጅ ሲላላ፣ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፤ የተከለለው ኮረብታ ተጨፈጨፈ። ሶሲዮሎጂስቱ የራስወርቅ አድማሴ በዚሁ ጉዳይ ላይ በእንግሊዝኛ የጻፉት መጽሐፍ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሃያ ዓመት ወደ የትም» እንደ ማለት ነው። በጎን ደግሞ እዚሁ በይፋትና በአርጎባ ዳገቶች ማንም ሳያዘው፣ ከአባት ለልጅ ሲወርድ የኖረ የድንጋይ እርከን ቆሟል። ማንም ቶኑን አስልቶ አልካበውም።

ትንቢቱስ? ያው የ1986 ጥናት ጥፋቱ በዚሁ ከቀጠለ እስከ 2010 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሰፊ የደጋ መሬት አለት ብቻ እንደሚሆን ተንብዮ ነበር። 2010 መጥቶ አለፈ። በየቦታው የተራቆተ መሬት አለ፤ ትንቢቱ በተባለው ስፋት ግን አልደረሰም። ከእርከኑ የተነሣ ነው? ወይስ ከመጀመሪያውም ቁጥሩ በዝቶ ነው? ልኬት ያልነበረበት ነገር መልስም የለውም።

ልኬት በሌለበት ሌላ ምስክር መፈለግ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነው፤ ለወሎ ይህን የሠሩ አሉ። ዶናልድ ክራሚ የተባሉት የታሪክ ሊቅ፣ ጣሊያናዊው የእርሻ ባለሙያ አርማንዶ ማውጂኒ እ.ኤ.አ. በ1937 በወሎ ያነሧቸውን ፎቶግራፎች ይዘው፣ ከ60 ዓመት በኋላ እየዞሩ ያንኑ ኮረብታ ከዚያው ቦታ አነሡ። «ወሎ ጫካ ነበረች፣ ትናንት ተራቆተች» የሚለውን ወሬ ፎቶግራፉ አልደገፈውም። በአብዛኛው ቦታ የ1937ቱ ኮረብታ ይበልጥ የተራቆተ ነበር፤ ዛሬ ባሕር ዛፉ በዝቷል። ክብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ ደግሞ ከከሚሴ ጋር በሚዋሰነው በቃሉ አውራጃ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ1986 ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን አወዳደሩ። የታረሰው መሬት እምብዛም አልጨመረም። ቁጥቋጦውና የወንዝ ዳር ዛፉ ቀንሷል፤ ገላጣ መሬትና ጎርፍ የሚተኛበት የወንዝ ሜዳ ሰፍቷል። የወንዝ ሜዳ ሰፋ ማለት፣ እነዚያ ከድልድይ በታች የምናያቸው ነጫጭ አሸዋዎች የሰውን ማሳ እየገፉ መጡ ማለት ነው። ሁለቱ ሥራዎች የተጣሉ ሊመስሉ ይችላሉ፤ የሚያዩት ስፍራና ዘመን ግን የተለያየ ነው።

ግድብም ይመሰክራል፤ ሳይወድ በግዱ። ጎርፉ ያመጣውን ይይዛልና ደለሉን ለክቶ ለዓመቱና ለተፋሰሱ ስፋት ማካፈል ነው። ቀመር አያሻውም። የቦርከና ግድብ በደለል መሞላት በዘርፉ ጥናቶች ውስጥ በምሳሌነት ይነሣል። ያ ግድብ ውኃ ባያጠጣም ሳይታሰብ ትልቅ የደለል መለኪያ ሆኖ ቀርቷል።

ከሁሉ የረከሰው ምስክር ዛፍ ነው። ከከሚሴ ወጣ ብሎ በአንድ ተዳፋት ግርጌ ያገኘኋቸውን አንድ ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ ከዚህ ማሳ በዓመት ምን ያህል አፈር ይሄዳል ይላሉ?» አልኳቸው።

«ቶኑን አላህ ይወቀው፣ ልጄ» አሉኝ። በበትራቸው ከማሳው ዳር ያለ ቁርቁራ አሳዩኝ። «እኔ ይህን መሬት ስይዝ የዚህ ሥር አይታይም ነበር። አሁን እረኞቹ ይቀመጡበታል። አንተ የተማርክ ነህ፣ እስኪ ለካው።»

ለካሁት። ሥሩ ከመሬት አንድ ስንዝር ይበልጣል። መሬቱን የያዙት «በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜ» ነው አሉኝ፤ 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ብንለው ለ50 ዓመት በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በቶን ሲመለስ በሄክታር ከ40 በላይ ነው። ከሁርኒ 42 ጋር መቀራረቡ ሊያስደስት ይችላል፤ እኔ ግን አልተማመንኩበትም። አንድ ዛፍ ነው፤ የማሳ ዳር ነው፤ እረኛ ይረግጠዋል። መቶ ቁርቁራ ቢለካ ነገር ይሆናል። መቶ ቁርቁራ ለመለካት የሚያስፈልገው ሜትር፣ ደብተርና አንድ የበጋ ወር ነው።

ዛሬ ነገሩ በሳተላይት ሆኗል። የመሬቱን ቁልቁለት ከጠፈር የተለካ ካርታ ይሰጣል፤ ዝናቡን ሳተላይትና የምድር ጣቢያ ተጣምረው ይገምቱታል፤ ሰብሉን ከምስሉ ቀለም ያነቡታል። አንድ ተማሪ ከሚሴን ሳይረግጥ የከሚሴን ተፋሰስ የአፈር መሸርሸር ካርታ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ቀብቶ ማውጣት ይችላል። ካርታው ያምራል። ከሥሩ ግን ብዙውን ጊዜ ያው ሰንጠረዥ ነው ያለው፤ ያው ጤፍ 0.25፣ ያው 0.562፣ ያው የማይባር በርሜል። ቀለሙ ታድሷል፤ ልኬቱ ግን ያረጀው ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየበጋው ለተፋሰስ ሥራ ሕዝብ በነፃ ጉልበቱን ሲያወጣ፣ የትኛው ቀበሌ ይቅደም፣ የትኛው ኮረብታ ይዘጋ የሚለውን ለመወሰን እንዲህ ያሉ ካርታዎች ይቀርባሉ። ሪፖርቱ ሲመለስ የሚቆጥረው ግን የተካበውን እርከን በኪሎ ሜትር ነው። የቀረ አፈር በቶን የሚል ዓምድ የለውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በከሚሴ ሲያልፍ ደግሞ እንኳን ደለል፣ ሰውም አልተቆጠረ፤ ዝናብ መለኪያ የሚያነብ ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ይሰደዳል።

እኔ በበኩሌ ካርታውን አልጠላም። የምጠላው አንድ ቁጥር ብቻ ተጽፎበት ሲመጣ ነው። «ከ10 እስከ 40 ቶን፣ ቦረቦርን ሳይጨምር፣ ያልተለካ» ተብሎ ቢጻፍበት ገበሬውም ሹሙም ምን በእጁ እንዳለ ያውቃል። አንዱን ወንዝ፣ አንዱን ብቻ፣ ለአሥር ክረምት ሌሊት ጭምር ቢጠብቁት ደግሞ ከከሚሴ ተነሥቶ ለመላው ደረቅ ቆላ የሚተርፍ ሰንጠረዥ ይወጣ ነበር። ማይባር ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ስመለስ በአንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋ የሚጭኑ ኢሱዙዎች አየሁ። ዳር ላይ አንድ ወጣት ጥላ ሥር ተቀምጦ የእያንዳንዱን መኪና ታርጋና ቢያጆ በደብተር ይመዘግባል። ደለል በዚህ አገር በቁጥር ሲያዝ ያየሁት እዚያ ብቻ ስለሆነ ደብተሩን እንዲያሳየኝ ለመንኩት፤ አሳየኝ። በጥንቃቄ የተሞላ መዝገብ ነው፤ ቀን፣ ታርጋ፣ ሜትር ኩብ። የሚጀምረው ከጥቅምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው፤ «ያኔ ወንዙ ስለሚመጣ መኪና አይገባም» አለኝ።